ወርቅ፣ ኖራና ቀይ አፈር፤ ማዕድን ከዳሞት ሲታይ

ማዕድን ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሩቅ ይሮጣል፤ ወደ አዶላ፣ ወደ ዳሎል፣ ወደ አሶሳ። «ጎጃም ደግሞ ምን ማዕድን አለው? ጤፍና በቆሎ፣ በርበሬና ማር ነው እንጂ!» እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ ቆመን ታሪኩን ገለጥ ብናደርገው፣ ማዕድን ለአንድ አገር ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ እናያለን።

ከስሙ እንጀምር። ዛሬ ይህን አገር ዳሞት እንለዋለን። ጥንታዊው ዳሞት ግን ከአባይ በስተደቡብ ነበረ። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ከዳሞት ብዙ ወርቅ እንደሚወጣ ጽፏል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ብዙ የዳሞት ሰዎች አባይን ተሻግረው ጎጃም ሰፈሩ፤ ስሙም አብሯቸው ተሻገረ። ወርቁ ግን እዚያው ቀረ። ምክንያቱ ከእግራችን ሥር ነው። የጎጃም ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሸፍኗል። ወርቅ ያለበት እጅግ ጥንታዊ አለት በወለጋና በቤኒሻንጉል ገጽ ላይ ሲታይ፣ እኛ ዘንድ ከታች ተቀብሯል። ስለዚህ ወርቅን የምናውቀው በገበያ ነው። ከአባይ ማዶ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር እየመጣ በባሶና በቡሬ ገበያ ይሸጥ ነበር፤ መገበያያው አሞሌ ጨውም ራሱ ከአፋር በረሃ የተቆረጠ ማዕድን ነው።

እሳተ ገሞራው ግን ባዶ እጃችንን አልተወንም። ድንጋዩ በዝናብና በሙቀት እየበሰበሰ ቀዩን አፈር ሰጠን። ወርቅ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ አፈር ግን ከተያዘ ለልጅ ልጅ ይሰጣል። ካልተያዘም ይደክማል። ብርቱው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ስለሚወስደው አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም እህሉ እንደሚገባው አይጠቀምበትም። መድኃኒቱ ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ አለ። አባይ ደጀን ላይ ምድሩን ሰንጥቆ ሲወርድ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ በታች ያለውን የኖራ ድንጋይ ገልጦ አሳይቶናል። ይኸው ድንጋይ ሲቃጠል ሲሚንቶ፣ ሲፈጭ የአፈር ፈውስ ይሆናል። እንግዲህ «ቁፋሮ ሁሉ ክፉ ነው» ማለት አንችልም። ጥያቄው ማን ይጠቀማል፣ ጉድጓዱስ ለማን ይቀራል ነው።

በዚህ ረገድ አዶላ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ አገር ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወርቅ ሲታጠብ ኖሯል፤ በንጉሡ ዘመን ሰው ተገዶ የቆፈረበት ጊዜም አለ። በአቅራቢያው ያለው የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን በ1997 (እ.ኤ.አ.) ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ተላለፈ። ወርቁ ከአለቱ የሚለየው በሲያናይድ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች «ውሃችን ተበከለ፣ ልጆቻችንና ከብቶቻችን ተጎዱ» እያሉ ለዓመታት አቤት ሲሉ ቆዩ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ፈቃዱ ሲታደስ ተቃውሞው ገነፈለ፤ መንግሥትም ፈቃዱን አገደ። ሥራው እንደገና የተጀመረው በ2021 ነው። ልብ በሉ! ሕዝቡ የተሰማው አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው።

«ይህ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። የኛ ማዕድን ስሙ አያምርም፤ ድንጋይ፣ ገረጋንቲና አሸዋ ይባላል። መንገድ ሲሠራ፣ ከተማ ሲሰፋ፣ ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲቆም ይህ ሁሉ ከአንድ ቦታ ይወጣል። የድንጋይ ካባ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠረገው ያው ቀዩ አፈር ነው። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ ክረምቱን ውሃ ይቋጥራል፤ ወባ በሚያውቀው ቆላ ደግሞ የቆመ ውሃ ማለት ትንኝ ማለት ነው። እንደ ላህ፣ ብርና ፈጣም ካሉ ወንዞች አሸዋ ያለ ልክ ከተዛቀም ወንዙ ወደ ታች ይቆፍራል፣ ዳርቻው ይናዳል፣ የገበሬው ማሳ አብሮ ይሄዳል።

ሕጉ አልጠፋም። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ወጥቷል፤ የ2002ቱ የማዕድን አዋጅም የግንባታ ማዕድናትን ፈቃድ ለአገር ውስጥ ባለሀብት የመስጠቱን ሥራ ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ ነገሩ እዚሁ ደጃችን ነው። እኛም ለእረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ቢያንስ ሦስት ጥያቄ ይዘን እንሂድ፦ ካባው ሲከፈት የላይኛው አፈር የት ተከመረ? ጉድጓዱን ማን ይደፍነዋል? ማሳውን የለቀቀው ገበሬስ ምን አገኘ? መልሱ ካባው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ይሁን፤ ድንጋዩ ከሄደ በኋላማ ማን ሰው ይገኛል?