የመንግሥት ተቆጣጣሪውን ማን ይመርጠዋል?

ሮቫ አሌፍ ውስጥ ምርጫ ሲባል የሚታወሰን ለክኔሴት ወይም ለከንቲባ የምንሰጠው ድምፅ ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪው፣ በዕብራይስጥ መቫኬር ሃመዲና፣ ሲመረጥ ግን ለእኛ የሚከፈት ካልፒ የለም። የሚመርጡት በእኛ ድምፅ ክኔሴት የገቡት ሰዎች ናቸው።

መሥሪያ ቤቱ በ1949 (እ.ኤ.አ.) ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሹም ዚግፍሪድ ሞሰስ ነበሩ። ቀድሞ ሹመቱን የሚሰጡት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1988 ሕጉ ተለወጠና ክኔሴት ራሱ መምረጥ ጀመረ፤ በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተመረጡት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሚርያም ቤን ፖራት ናቸው። አሥር የክኔሴት አባላት እጩ ማቅረብ ይችላሉ። ድምፁ በምስጢር ስለሚሰጥ ማን ማንን እንደመረጠ አይታወቅም። በ2019 ማታንያሁ ኤንግልማን 67 ድምፅ አግኝተው 45 ያገኙትን ጊዮራ ሮምን አሸነፉ።

ዘመኑ ሰባት ዓመት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ መመረጥ አይቻልም። በእኛ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ ብልሁ ይህ ነው፤ ዳግመኛ ድምፅ የማይለምን ሰው ሚኒስትር የሚፈራበት ምክንያት ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ዋናውን ኦዲተር የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል።

ይህ ሹም ትላልቅ ሪፖርቶችን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ በ2013 የመንግሥትን የኢትዮጵያውያን ውህደት ሥራ መርምሯል። ከ1971 ጀምሮ የሕዝብ አቤቱታ ተቀባይም ነው። ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ሚኒስቴር፣ ፖሊስ ወይም የአሽዶድ ኢሪያ በደል ከፈጸመባችሁ ያለ ክፍያ ልታመለክቱ ትችላላችሁ፤ ጠበቃም አያስፈልግም። ዕብራይስጥ የማያነቡ አያትና እናት ፈቃዳቸውን ከሰጡ፣ ልጅ በእነርሱ ስም ሊያመለክት ይችላል። በግል አሠሪ፣ በቤት አከራይና በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ግን አቤቱታ አይቀበልም።

አንድ ዓመት ያለፈው ጉዳይ ባብዛኛው አይታይም። ስለዚህ ከቢሮ የሚመጣን ደብዳቤ በመሳቢያ አታቆዩት፤ ቀን የተጻፈበትን ፖስታም አትጣሉ። አቤቱታው ላይ ስማችሁንና አድራሻችሁን ጻፉ፣ ፈርሙ፣ የደብዳቤዎቹን ኮፒ አያይዙ፤ ዋናውን ግን ቤት አስቀሩ።