የአሜሪካ ሃይስኩል እንዴት ነው የሚሠራው? ክሬዲታችሁን ቁጠሩ

በዲቪ ወይም በቤተሰብ አሜሪካ የሚገቡ ብዙ ልጆች ግራ የሚጋቡት እዚህ ጋ ነው። የመንግሥት ሃይስኩል ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ ክፍያ የለውም። እንደኛ አገር ሁሉም የሚፈተነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም የለም። ዋናው ነገር ክሬዲት ነው።

📌 ዓመቱን ሙሉ የተማራችሁትን አንድ ትምህርት ስታልፉ አብዛኛውን ጊዜ 1 ክሬዲት ትይዛላችሁ። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ሜሪላንድ ለመመረቅ ቢያንስ 21 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ 4ቱ እንግሊዝኛ ነው። 12ኛ ክፍል ደርሳችሁም ክሬዲቱ ካልሞላ ዲፕሎማ የለም።

📌 ከአገር ስትወጡ ትራንስክሪፕታችሁን ያዙ። ያለሱ 11ኛን የጨረሰ ልጅ እንደገና 9ኛ ክፍል ሊመደብ ይችላል።

📌 ለእያንዳንዱ ተማሪ ካውንስለር የሚባል አማካሪ አለ። በየዓመቱ “ለመመረቅ ስንት ክሬዲት ቀረኝ?” ብላችሁ ጠይቁት።

📌 እናት ወይም አባት እንግሊዝኛ ካልቻሉ ትምህርት ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጁ እንዲያስተረጉም አይገደድም።

📌 በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደወሰነው፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅም በነፃ የመማር መብት አለው።

ጉዞ ላይ ላለ ዘመድ ላኩለት።