ያልተቆጠሩት ተፈታኞች

ከመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር ማዶ በምትገኝ አንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ፣ የምትቀዳልኝን ወጣት «ልጄ፣ ትምህርት እስከ ስንት ደረስሽ?» አልኳት። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል አራት ዓመት ቆየሁ» አለችኝ።

«ደግመሽ ነው?»

«አልደገምኩም አባባ። ፈተናው ነው የዘገየው።»

ይህችን መልስ ይዤ ነው ወደ ቁጥሮቹ የተመለስኩት።

በጥር 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ12ኛ ክፍልን ውጤት ሲያሳውቁ አገር ደነገጠ። ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በለጡ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ተሰርቆ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን፣ ከዚያም በኋላ ኩረጃው እየባሰ መሄዱን ለምናስታውስ፣ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑበት በዚያ የመጀመሪያ ዓመት እውነቱ መጋለጡ አያስገርምም። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እየተሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው እየወደቀ መሻሻል ከተባለ።

ይሁንና በዚያ ባስደነገጠን 3.3 በመቶ ውስጥ መቐለ ተቀምጦ የተፈተነ አንድም ተማሪ የለም። ከወደቁት 96.7 ውስጥም የለም። ወደቀ ለመባል እንኳ መጀመሪያ መቀመጥ ያስፈልጋል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. እኩዮቻቸው በየዩኒቨርሲቲው ሲፈተኑ ትግራይ ውስጥ ገና ጦርነት ነበር፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ነው።

ስለ መቐለ የትምህርት ውጤት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቃላሚኖ ነው። ቃላሚኖ ግን ተማሪዎቹን መርጦ የሚቀበል ልዩ ትምህርት ቤት ነው። እኔ የማስበው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የሚቀበሉትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘጉ፤ ሊከፈቱ ሲባል፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ደረሰ። እንደ ማይወይኒ ሁለተኛ ደረጃ ያሉት የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። ጥቁር ሰሌዳ ሥር ፍራሽ ተነጠፈ፤ እንግዳ የሆነው ቤተሰብም መሄጃ አልነበረውምና «ልቀቅ» የሚል አፍ ማን አለው? መምህራኑ 17 ወር ያለ ደመወዝ ከረሙ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ግድም ትምህርት ሲጀመር፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለ የተለየነው ልጅ በዕድሜው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መሆን ነበረበት። በዕውቀቱ ግን ስንተኛ ነበር?

የፓርኩ ነገርም ከዚህ አይለይም። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ለዩኒቨርሲቲ ላልበቃው ወጣት በልብስ ስፌት አዳራሾቹ በኩል ሌላ በር ተከፈተለት ተብሎ ነበር። ትልቅ በር ነው አልልም፤ የስፌት ደመወዝ የቤት ኪራይና የእንጀራ ዋጋን አሸንፎ የሚተርፍ እንዳልነበረ የሠሩበት ያውቃሉ። ቢሆንም በር ነበር። ጦርነቱ የትምህርት ቤቱንና የፓርኩን በር በአንድ ዓመት ዘጋቸው። ፈተና የወደቀ ልጅ «ቢያንስ ስፌት እገባለሁ» ይል ነበር፤ ይህኛው ግን ሳይፈተን፣ ሳይወድቅም፣ ሥራም ሳይገባ ሃያ ዓመት ሞላው።

የቡና ቤቷ ወጣት የተፈተነችው መስከረም 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. አብረዋት ከተማሩት ሁሉ ጋር አልተቀመጠችም፤ ስለ ቀሩት ስትናገር «የሉም» አለችና ወደ ጀበናዋ ዞረች። የት እንዳሉ አልጠየቅኳትም። ውጤቷንም አልጠየቅኳትም። እሷ ግን በዚያን ቀን ጠዋት እጇን ያንቀጠቀጣት ጥያቄው ሳይሆን እርሳሱ እንደነበረ ነገረችኝ፤ የመልስ ወረቀቱን ክብ ማጥቆር ረስታው ነበር።

ሁለተኛውን ሲኒ ስትቀዳልኝ ታናሽ ወንድሟ ሁለተኛ ደረጃ መግባቱን አጫወተችኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከቤት ቤት ስትሸከመው የኖረችውን የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ አስቀምጣለት ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጧልና አያገለግልም ብለውታል።