የመተካት አጸግብሮት፦ የሟሟ ብር በመዳብ ሲመለስ

የመተካት አጸግብሮት በፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ የቀረን ማዕድን፣ ከእሱ ይልቅ ለመሟሟት የሚቸኩል ሌላ ማዕድን ጨምሮ መልሶ የማውጣት ዘዴ ነው። የተጨመረው ኤሌክትሮን ሰጥቶ ይሟሟል፤ ሟሙቶ የነበረው ተቀብሎ ይጠጥራል። ይህ መስጠትና መቀበል አብሮ ስለሚሄድ ሬዶክስ ይባላል።

ለድሬዳዋ ሰው ቅርቡ ምሳሌ ጠገራ ብር ነው። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመጣው ባቡር ስትቆረቆር የአገሩ መገበያያ ይኸው የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ ነበር፤ አንጥረኞችም እያቀለጡ መስቀልና አምባር ሠርተውበታል። አንዱ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። 23.4 ግራም ያህሉ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ማቅለጥ ብቻውን ሁለቱን አይለያቸውም፤ የጠገራ አምባር መዳቡን እንደያዘ ይኖራል።

ንጹሑን ብር የፈለገ ጠገራውን በናይትሪክ አሲድ ያሟሟዋል። የሚወጣው ቡናማ ጢስ መርዝ ስለሆነ ነገሩ የጓዳ ሙከራ አይደለም። የሟሟ ብር ቀለም የለውም፤ ፈሳሹን ሰማያዊ የሚያደርገው መዳቡ ነው። ከዚያ የመዳብ ሽቦ ይነከርበታል። ጥቂት ቆይቶ ሽቦው ሽበት ያበቅላል፤ ሲነካ ወደ ሥር ይረግፋል። ሽበቱ ብር ነው! ሰማያዊው ደግሞ እየደመቀ ይሄዳል፣ ሽቦው እየተበላ ነውና። አንድ የመዳብ አቶም ሁለት የብር አቶም ስለሚመልስ፣ በስሌት ለአንድ ጠገራ 6.9 ግራም ያህል መዳብ ይበቃል።

መዳቡስ? እሱንም ብረት ያወጣዋል። በስፔን ሪዮ ቲንቶ መዳብ ካዘለ የማዕድን ውሃ ላይ መዳቡ ለብዙ ዘመን የተለቀመው በውዳቂ ብረት ነው፤ ቻይናዎች በሶንግ ሥርወ መንግሥት ጊዜ ያውቁበት ነበር። ለአንድ ጠገራ ፈሳሽ 10 ግራም ያህል ብረት ይበቃል፣ ሁለት ሦስት ሚስማር ማለት ነው፤ የተረፈ አሲድ ካለ ግን ብረቱን በከንቱ ይበላዋል። ወርቅም በሳያናይድ ከሟሟ በኋላ በዚንክ ዱቄት ይመለሳል።

በመጨረሻ የሚቀረው ብረት ያለበት ፈሳሽ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ፣ የደቻቱ ወንዝም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፣ ይህን ፈሳሽ ወንዙ ውስጥ መድፋት ነውር ነው። ኖራ ሲጨመርበት አሲዱ ኃይሉን ያጣል፣ ብረቱም የቀረው መዳብም ይዘቅጣል። ኖራው የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከተማዋን የሲሚንቶ አገር ያደረጋት ያው የአካባቢው ድንጋይ ነው።