በብርሃን የሚጠነክር የፋይበር መጋጠሚያ

ቁስ፦ የሲሊካ መስታወት ፋይበር፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፖሊመር
ዘመን፦ ዘዴው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ
መነሻ፦ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች

የፋይበር መስመር ጥራት በመስታወቱ ብቻ ሳይሆን በመጋጠሚያውም ይወሰናል። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ርቀት በተዘረጋ ጥሩ ፋይበር ከተላከው ብርሃን ሲሶው ያህል ይደርሳል። ገመዱ ግን በጥቅል በጥቅል ስለሚመጣ መቀጠል አለበት። ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት ስፋቱ 9 ማይክሮ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ጫፎቹ በጥቂት ማይክሮ ሜትር ቢዛነፉ ከቀረው ላይ ብዙው ይባክናል።

በዚህ ዘዴ በሁለቱ ጫፎች መካከል ፈሳሽ ፖሊመር ይጨመርና ብርሃን በፋይበሩ ይለቀቃል። ብርሃን የነካው ክፍል ይጠነክራል፤ ብርሃንን የመስበር አቅሙም ከዙሪያው ስለሚበልጥ ብርሃኑ ሳይበተን በቀጭን መስመር ወደፊት ይዘልቃል። ተመራማሪዎቹ ኬዊችና ያሪቭ ይህን ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1996 ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አሳትመዋል። ከሁለቱም ጫፍ ብርሃን ሲላክ መስመሮቹ መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ መጠነኛ መዛነፍንም ብርሃኑ ራሱ ያቃናል።

በኤሌክትሪክ ብልጭታ መስታወቱን አቅልጦ መቀጠል ብክነቱን ከ0.1 ዴሲቤል በታች ያወርዳል፣ ፖሊመርም እንደ መስታወት ሙቀት አይችልም የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ለረጅም መስመር መከራከሪያው ትክክል ነው፤ የቴሌኮም ባለሙያዎችም ማቅለጥን ይመርጣሉ። ፋይበርን ከብርሃን ቺፕ ጋር ማገናኘት ሲያስፈልግ ግን ብልጭታው ቺፑን ሊጎዳ ይችላል። የዘዴው ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።