የሚሰማ ልብ የለመነው ንጉሥ

በሬዲዮ የሰማችሁትን መልእክት በጽሑፍ ስጡን ባላችሁን መሠረት እነሆ አቅርበነዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3ን ግለጡ፤ አብረን እንሂድ።

ሰሎሞን ገና ወጣት ነው። አባቱ ዳዊት 40 ዓመት ነግሦ አርፏል። በኢየሩሳሌም ገና ቤተ መቅደስ ስላልነበረ ወጣቱ ንጉሥ ወደ ገባዖን ወጥቶ 1,000 የሚቃጠል መሥዋዕት አቀረበ። በዚያው ሌሊት እግዚአብሔር በሕልም ተገለጠለትና የሚፈልገውን እንዲለምን ነገረው። እስቲ ራሳችሁን በእርሱ ቦታ አድርጉ። እኛ ብንሆን ምን እንል ነበር?

ሰሎሞን ረጅም ዕድሜ አልለመነም፤ ባለጠግነት አልለመነም፤ የጠላቶቹን ነፍስም አልለመነም። ልጅነቱን ተናዝዞ በሕዝቡ ላይ ለመፍረድ የሚያስችል ማስተዋል ለመነ። በዕብራይስጡ ቃሉ «ሌቭ ሾሜአ» ይላል፤ የሚሰማ ልብ ማለት ነው። ጥበብ ስንል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሚናገር አፍ ነው፤ አይደል? ሰሎሞን ግን የለመነው ጆሮ ነው። እግዚአብሔርም በልመናው ደስ ተሰኘ።

ታዲያ ያ ልብ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የት ነው? በሁለት ጋለሞታዎች ክርክር ላይ። አንድ ሕፃን ሞቷል፣ አንዱ በሕይወት አለ፤ ምስክር የለም። እነዚህን ሴቶች ከደጅ መልሷቸው ቢሆን ማን ይጠይቀው ነበር? እርሱ ግን የሁለቱንም ቃል አደመጠ፤ በመጨረሻም የእውነተኛዋን እናት አንጀት ሲላወስ ሰማ። እስራኤል የእግዚአብሔር ጥበብ በንጉሡ እንዳለ ያወቀው በዚያ ቀን ነው።

በነገሠ በ4ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱን መሥራት ጀመረ። ቦታው አባቱ ዳዊት ከኢያቡሳዊው ከኦርና በ50 ሰቅል ብር የገዛው አውድማ ነው። ርዝመቱ 60 ክንድ፣ ወርዱ 20 ክንድ ነበር፤ ዛሬ በምንለካበት ወደ 27 ሜትር በ9 ሜትር መሆኑ ነው። በወርቅ ተለበጠ እንጂ በስፋቱ ከብዙ አዳራሾቻችን አይበልጥም። ድንጋዩ እዚያው ከሚፈለጥበት ቦታ ተጠርቦ ስለሚመጣ፣ ቤቱ ሲሠራ የመዶሻና የመጥረቢያ ድምፅ አልተሰማም ይላል መጽሐፍ። በ7 ዓመት ተፈጸመ።

በምረቃው ቀን ንጉሡ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተንበርክኮ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሰማየ ሰማያት የማይችሉህ አምላክ እኔ በሠራሁት ቤት እንዴት ትወሰናለህ ብሎ ጸለየ። ለተበደለ፣ በጦርነት ለተሸነፈ፣ ዝናብ ለተከለከለ ሕዝብ፣ በምርኮ ላለ ወገን ለመነ። ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሰማይ ሆነህ ስማ። ከሩቅ አገር የሚመጣውን እንግዳ እንኳ አልረሳም። ወገኖች፣ በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ የሚመለሰውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አስታውሱ። የሰሎሞን ቤት ያኔ ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ያ ጸሎት ግን የእኛን ሰው በጋዛ መንገድ ላይ አገኘው። ሃሌ ሉያ!

እስከዚህ ድረስ ብቻ ብናነብ ደስ ይለን ነበር። ግን ምዕራፉን እንቀጥል።

በቤተ መቅደሱ ቦታ መዶሻ ካልተሰማ መዶሻው የት ነበር? በተራራው ላይ ነበር። 80,000 ድንጋይ ጠራቢ፣ 70,000 ተሸካሚ ነበር። ከእስራኤልም 30,000 ሰው ለግዳጅ ሥራ ተመልምሎ በየወሩ 10,000 እየተፈራረቀ ወደ ሊባኖስ ይሄድ ነበር፤ አንድ ወር እዚያ፣ ሁለት ወር በቤቱ። የዚህ ሥራ አለቃ አዶኒራም ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን። ቤተ መቅደሱ አልቆም ሥራው አላበቃም፤ ንጉሡ የራሱን ቤት ለመሥራት 13 ዓመት ፈጀበት። ኦሪት ዘዳግም 17 ንጉሥ ፈረስን፣ ሚስቶችን፣ ወርቅን እንዳያበዛ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ሰሎሞን ሦስቱንም አበዛ። 1,400 ሠረገሎች ሰበሰበ፤ 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች ነበሩት። በሸመገለ ጊዜም ለካሞሽና ለሞሎክ በኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ባለው ተራራ ላይ መስገጃ ሠራ። እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ ተገልጦለት ነበር። የሚሰማ ልብ የለመነው ሰው መስማት አቆመ።

ሰሎሞን ሲሞት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ930 ገደማ፣ ሕዝቡ በሴኬም ተሰብስቦ ልጁን ሮብዓምን አንድ ነገር ለመነው፤ አባትህ የጫነብንን ከባድ ቀንበር አቅልልልን አለው። ሽማግሌዎቹ እሺ በላቸው አሉት። እርሱ ግን አብሮ አደጎቹን ሰምቶ ከአባቱ የባሰ እንደሚያስጨንቃቸው ነገራቸው። ከዚያ ማንን ላከባቸው መሰላችሁ? የግዳጅ ሥራ አለቃውን አዶኒራምን! ሕዝቡም በድንጋይ ወግሮ ገደለው። ዐሥሩ ነገድ ተለየ፤ መንግሥቱም ተከፈለ። አባት የሁለት ሴቶችን ቃል ሰምቶ ነበር፤ ልጅ የአገር ሙሉ ጩኸት መስማት አቃተው።

እነዚያ የሰሎሞን መስገጃዎች ከ300 ዓመት በኋላም እዚያው ቆመው ነበር። ያረከሳቸው ንጉሥ ኢዮስያስ ነው። እርሱም በነገሠ በ18ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱን አሳደሰ። ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ በዚያ አገኘ። ተነበበለትና ንጉሡ ልብሱን ቀደደ። ሰማ ማለት ነው! ልጁ ኢዮአቄም ግን ራሱን በዝግባ በተለበጠ ሰፊ ቤት አስጌጠ፤ ሠራተኞቹን ግን ደመወዝ ከለከለ። በኤርምያስ 22 ላይ እግዚአብሔር ወቀሰው፤ አባትህ ለድሃውና ለችግረኛው ይፈርድ ነበር፣ እኔን ማወቅ ማለት ይህ አይደለምን አለው። ብዙም ሳይቆይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586፣ የባቢሎን ሠራዊት ቤተ መቅደሱን አቃጠለው።

ይህን ስሰብክ ራሴን አልደበቅሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማገለግላት አጥቢያ ከኪራይ አዳራሽ ለመውጣት ግንባታ ጀመረች። ከጠዋት እስከ ማታ ወሬዬ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ ሆነ። የዓርብ ጸሎት መጀመሪያ አጠረ፣ ኋላም ታጠፈ። አንድ ቀን ድንጋይ የሚያቀብል የቀን ሠራተኛ ቀርቦ፣ «ፓስተር፣ የሁለት ሳምንት ሒሳባችን እኮ አልተከፈለንም» አለኝ። እኔስ ምን አልኩት? «ወንድሜ፣ የጌታ ቤት ነው፣ ትንሽ ታገሥ።» ምንም ሳይመልስ ሄደ። በዚያ ሌሊት ኤርምያስ 22 ትዝ አለኝና እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው፤ ለጣሪያ ካስቀመጥነው ገንዘብ አውጥተን ሁሉንም ከፈልን። ያንን ሰው ይቅርታ ጠየቅሁት። ጣሪያው ዘገየ፤ ክረምቱን በሸራ ሥር አመለክን። የዓርቡ ጸሎት ግን ተመለሰ።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት አንተም ለጌታ ትልቅ ነገር እየሠራህ ይሆናል። አንቺም እህቴ፣ በዝማሬ፣ በስብከት፣ በመባ እየሮጥሽ ይሆናል። መልካም ነው፤ ሥሩ። ግን እቤት ያለችው ሠራተኛ ስትናገር እንሰማለን? ባለቤታችንን፣ ልጆቻችንን እንሰማለን? የገባዖኑ ጸሎት አንድ ጊዜ ተጸልዮ የሚቀመጥ አይደለም፤ ሰሎሞን ራሱ ምስክር ነው። ከሰሎሞን የሚበልጥ ጌታ ግን አለን። ኢየሱስ በኢያሪኮ መንገድ ሰዎች ዝም በል ያሉትን ዕውር ጩኸት ሰምቶ ቆመ። ዛሬም ለሚጠራው ይቆማል።

እስቲ አብረን እንጸልይ፤ ጌታ ሆይ፣ ለአንተ ቤት ስንሠራ ጆሮአችን ተደፍኖ ከሆነ ይቅር በለን። በደማችን ሳይሆን በልጅህ ደም አንጻን። የሚሰማ ልብ ስጠን፤ እስከ ሽምግልናችንም ጠብቅልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።