ሸሞንሟናዬ፦ የሃይሉ መርጊያ ካሴት

ካሴት፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ 1985 እ.ኤ.አ.

ይህን አልበም የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሃይሉ መርጊያ የሠራው ብቻውን ነው። ባንዱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለኮንሰርት አሜሪካ ሲሄድ ሃይሉ እዚያው ቀረ። ስቱዲዮ ገብቶም ገና በልጅነቱ የለመደውን አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከድራም ማሽን ጋር አዋሃደው። ሲያዳምጡ ጆሮዎን ለአኮርዲዮኑ ይስጡ፤ ምቱ ሳይዛነፍ እስክስታ ሲጋብዝ፣ ዜማው ግን አገር ቤት እንደናፈቀ ይንገላታል። ደስታና ትዝታ እንዲህ ተቃቅፈው የሚሄዱበት ሥራ ብዙ አይገኝም።

ሃይሉ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግም አሳተመው፤ ሃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።